የሩቆቹን የት አደረግሻቸው?

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ለእትዬ የዓለምወርቅ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽ ጠና? የጅማ ዝናብ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አራስ ቤት ብርድ እንዳይመታሽ ሰግቻለሁ። እኔ ከኀፍረቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በስልክ እንዳልነግርሽ ድምፅሽን ስሰማ ምላሴ ይተሳሰራል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

ስለ ትምህርቴ ስትጠይቂኝ «አይገባሽም» ብዬሽ ነበር። ይኸውልሽ፤ እንደ ደቃቅ ማግኔት ያሉ አተሞች አሉ። ሊቆሙ እስኪቃረቡ ይቀዘቅዙና፣ እንቁላል በካርቶኑ እንደሚደረደር፣ በሌዘር ብርሃን በተሠሩ ጉድጓዶች ውስጥ ይቀመጣሉ። አይነካኩም፤ ግን በሩቅም ቢሆን ይሳሳባሉ፣ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ማንም ለብቻው አይሰለፍም፤ ሁሉም ተያይተው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። የኔ ሥራ ያንን አሰላለፍ በኮምፒውተር ማስላት ነው።

አራስ ልጠይቅሽ ያልመጣሁት በዚሁ ስሌት ሰበብ ነው። «ሴሚናር ደርሶብኛል» ስልሽ፣ «ሥራሽን ሥሪ፣ እኔ ምን እሆናለሁ» አልሽኝ። እኔም እንደ ፈቃድ ቆጥሬው ቶሎ ስልኩን ዘጋሁ። እማዬ ከሞተች ወዲህ እናት የሆንሽኝ አንቺ፣ ገንፎ የሚያገነፋልሽ የእናትሽ ልጅ ሳይኖር ታረስሽ።

ሴሚናሩ ማክሰኞ ነበር። ኮምፒውተሩን እንዳይከብደው ብዬ እያንዳንዱ አተም ጎረቤቱን ብቻ እንዲሰማ አድርጌ፣ የሩቆቹን «ኢምንት ናቸው» ብዬ ትቻቸው ነበር። አማካሪዬ ዶክተር ኑሕ ኮምፒውተሩ ያወጣውን የአሰላለፍ ሥዕል አየት አድርገው፣ «ሄርሜላ፣ የሩቆቹን የት አደረግሻቸው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በማግስቱ የሩቆቹን ጨምሬ ባሰላው አሰላለፉ ጭራሽ ሌላ ሆኖ ወጣ። ድር ቢያብር የሚባለው ለካ እዚያም ይሠራል።

ሰው ፊት ማፈሬስ ይረሳል። ግን ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ ቤቴ ስወጣ ያ ጥያቄ አብሮኝ ወጣ፤ የሚታየኝም የዶክተሩ ፊት ሳይሆን ያንቺ ነበር። እትዬ፣ አፍሬያለሁ። ማስተባበያም የለኝም። ደብዳቤው ይቅደመኝ፤ እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በአውቶቡስ እከተለዋለሁ። ብትቆጪኝ ደስ ይለኛል፤ ዝም እንዳትይኝ ብቻ።

ለጋሽ ያዕቆብ የአክብሮት ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ልጅሽን ቤዛብሕን፣ ያን አመለኛ፣ ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን እማማ ዓለሜን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ በኔ ፈንታ ስለደከሙ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። ሕፃኗንም ሳሚልኝ። ስሟን ልጽፍ ብዬ እስክሪብቶዬን እንዳነሣሁ ቀረሁ፤ ለካ ማን እንዳላችኋት እንኳ አልጠየቅሁሽም።

እኅትሽ ሄርሜላ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.