በእኔ ፈንታ የገባህበት ጨዋታ

ዴነሪ፣ ሰኞ ከሰዓት

ውድ ዴልቪን፣

ባለፈው ወር በመራጭ ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ስምህ ተነሣ። ከቡድኑ ካስወጣንህ አሥራ አራት ዓመት ሆኖናል፤ ስምህ ግን እዚህ አሁንም ይነሣል። የሚያነሡህ ደግሞ እኔን ለማመስገን ነው። ለምን እንደሚያመሰግኑኝና ምስጋናው ለምን እንደማይገባኝ ልነግርህ ነው ይህን የምጽፍልህ። ሳትጨርስ ብትቀድደው አልፈርድብህም።

የምሥራቅ ጠረፍ የክሪኬት ቡድናችን ዘንድሮም እንደዚያን ጊዜው ነው። ስምንት ጨዋታ ተጫውተን ስምንቱንም ተሸንፈናል። ዘጠነኛው ከባርቤዶስ ከሚመጣው ጠንካራ ቡድን ጋር ነበር። ጄርቫን የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት መቺ አለን፤ የዓሣ አጥማጁ የኮስሞስ ልጅ ነው። እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ ንቁ ነው፤ ግን የገጠመው የመንደር ወርዋሪዎችን ብቻ ነው። «እናስገባው ወይስ እናቆየው?» የሚል ክርክር ተነሣ።

ሰብሳቢያችን መምህር ቴዎፊለስ «ልጁ ገና ነው፤ ብናበላሸውስ?» አሉ።

ሚኒባስ የሚነዳው ሲልበርት ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረገና፣ «መምህር፣ እኛ እኮ በሽማግሌዎቻችን ስምንቴ ተሸንፈናል። በልጅ ዘጠነኛውን ብንሸነፍ ምን ይቀርብናል? እሱ ቢያንስ ይማርበታል። ከደካማ ጋር ሲጫወት ኖሮ ማን ጎበዝ ሆነ?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ደግሞ ሄንስሊ እዚህ ተቀምጦ እኛን ምን ያከራክረናል? ዴልቪንን በአሥራ ስምንት ዓመቱ በዚያ ፈጣን ወርዋሪ በጉዲንግ ፊት ያቆመው ማን ሆነና? አምበል ማለት እንደሱ የደፈረ ነው።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። እንዲህ ሲባል አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። አንዳንዴ ፈገግም ብያለሁ። ከዝምታዬ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ያ ፈገግታ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገርህ።

ያን ዓመት ከመቺዎች ሁሉ ቀድሜ የምገባው እኔ ነበርኩ። አዲሱን ኳስ፣ ገና ያልደከመውን ወርዋሪ መቀበል የእኔ ሥራ ነበር። አንተ ገና ቡድኑን ሳትቀላቀል ባርቤዶስ፣ ብሪጅታውን ሄደን ስንጫወት፣ ራንዶልፍ ጉዲንግ የወረወረው ኳስ ጎድኔ ላይ አረፈ። ሕመሙ በሳምንቱ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። ቀጣዩን ኳስ ሊወረውር ከሩቅ መሮጥ ሲጀምር፣ እኔ ሳላዘው እግሬ ሸሸ። ያየ ሰው አልነበረም፤ ወይም ያየው ዝም ብሏል። እኔ ግን አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ላይ እንኳን ፈጠን ያለ ኳስ ሲመጣ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመርኩ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሚስትም ልጅም ነበረኝ። ፈራሁ ብዬ ለማን እናገራለሁ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ እነጉዲንግ ዴነሪ ሊመጡ ሆነ። እኔም ለኮሚቴው ልምምድ ላይ ጣቴን እንደሰበርኩ ነገርኳቸው። የግራ እጄን የቀለበት ጣት በነጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት። «ዝቅ ብዬ ሰባተኛ እገባለሁ፤ መጀመሪያ ግን አልችልም» አልኩ። «ታዲያ ማን ይግባ?» ሲሉኝ አንተን ጠራሁ። በመንደር ጨዋታ ሁለት ጊዜ ጥሩ ነጥብ አስቆጥረህ ነበር፤ ያውም አምስተኛና ስድስተኛ እየገባህ፣ ኳሱ አርጅቶ ወርዋሪው ሲደክም።

የዚያን ቀን ንግግሬ አሁንም ቃል በቃል ይታወሰኛል። እየተሸነፍን ያለነው አሮጌ ሰዎች ላይ ስለተንጠለጠልን ነው አልኩ። ወጣት ከጠንካራ ጋር ካልገጠመ አያድግም አልኩ። ሲልበርት አጨበጨበልኝ። ደግሞም ውሸት አልተናገርኩም፤ የተናገርኩትን ዛሬም አምነዋለሁ። ግን እውነተኛ ነገር ወስጄ ፍርሃቴን ሸፈንኩበት፤ እንደዚህ ዓይነቱን ነገር ማንም ገልጦ ሊያይ አይሞክርም።

በማግስቱ እናትህን ላስፈቅድ ቤታችሁ መጣሁ። አንተ ወደብ ወርደህ ነበር። እማማ ፊሎ በር ላይ ቆመው፣ «ሄንስሊ፣ አንተ ጨዋታውን ታውቀዋለህ፤ እኔ አላውቀውም። ልጄ ለዚህ ጉዲንግ ለሚሉት ሰውዬ ደርሷል?» ብለው ጠየቁኝ።

ዓይናቸውን እያየሁ «ደርሷል» አልኩ።

«አንተ ካልክ እሺ። አደራህን ግን።»

«አደራዬ ነው፣ እማማ ፊሎ።»

የጨዋታው ቀን ጠዋት የራስህ የራስ ቁር አልነበረህምና የእኔን ሰጠሁህ። ሰፋህ። በውስጡ ፎጣ ቀደህ ጠቀጠቅህበት። ከዚያ ቀና ብለህ እጄን አየህና፣ «አምበል፣ ጨርቅህ ተፈትቷል፤ አምጣው» አልከኝ። ተንበርክከህ ያንን ጤነኛ ጣት ቀስ እያልክ፣ እንዳታሳምመኝ እየተጠነቀቅህ፣ እንደገና ጠቀለልክልኝ።

«በጣም ያምሃል?»

«ትንሽ።»

«አይዞህ። ጉዲንግን አደክምልሃለሁ፤ አንተ ስትገባ ይቀልልሃል።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ጨርቁን ከእጅህ ቀምቼ ጥዬ፣ ያንን የራስ ቁር ከራስህ ላይ አንሥቼ መግባት ነበረብኝ። እጄን እንደዘረጋሁ ቆምኩ። ጠቅልለህ ስትጨርስ «አመሰግናለሁ» አልኩህ።

ሃምሳ ደቂቃ ቆየህ። የመጀመሪያው ኳስ አገጭህን ታክኮ አለፈ፤ ሁለተኛው ትከሻህን መታህ፤ አንተ ግን እግርህን አልነቀልክም። አሥራ አራት ነጥብ አስቆጠርክ። ኳሱን በጎን በኩል ስታሳልፈው ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። እኔ ከዛፉ ጥላ ሥር ሆኜ ምን እያልኩ እንደምጮህ ታስታውሳለህ? «አትሽሽ፣ ዴልቪን፣ አትሽሽ» እል ነበር። እኔ፣ የሸሸሁት ሰውዬ።

ከዚያ ያ ኳስ መጣ። ዝቅ ይላል ብለህ ጠበቅኸው፤ እሱ ተነሣ። በራስ ቁሩ ጠርዝና በፊት መከላከያው መሃል ገብቶ ከግራ ዓይንህ ሥር መታህ። ስትወድቅ የራስ ቁሩ ከራስህ ወልቆ ከኋላህ የተተከሉትን እንጨቶች ጣላቸው፤ በሕጉም ያ መውጫህ ሆነ። መጀመሪያ የደረሰልህ ጉዲንግ ራሱ ነው፤ ራስህን ደግፎ ይዞ ሐኪም ይጠራ ነበር። አንተ ደም በአፍህ እየፈሰሰ፣ «ወጣሁ እንዴ?» አልከው። «አዎ፣ ወንድሜ፣ ወጥተሃል፤ አሁን ዕረፍ» ሲልህ ሰማሁ።

አንተን ካስትሪስ ሆስፒታል ሲወስዱህ ጨዋታው ቀጠለ። እኔ ሰባተኛ ገባሁ። ጉዲንግ ደክሞ ነበር፤ ምናልባትም የአንተ ነገር አስደንግጦት ይሆናል፤ ዳር ቆመና ኳሱን ለቀርፋፎቹ ወርዋሪዎች ሰጠ። አርባ አራት ነጥብ አስቆጠርኩ። ስወጣ ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበልኝ፤ በተሰበረ ጣት ተጫውቷል ተባለ። እናትህ አንተ ዘንድ ሆስፒታል እየተመላለሱ፣ በመንገዳቸው «ለጣትህ» እያሉ የዓሣ ሾርባ ያመጡልኝ ነበር። ጠጣሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ተመለስክ። ሦስት ጨዋታ አስገባሁህ፤ በሦስቱም ሳይቆይ ወጣህ። መምቻህን ኳሱ የሌለበት ቦታ ላይ ታወርደው ነበር። ግራ ዓይንህ ልክ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገብቶኛል። አልጠየቅሁህም፤ ከጠየቅሁህ ስለዚያ ቀን ማውራት ይመጣል። ይልቅስ የኮሚቴው መዝገብ ላይ «ለዚህ ደረጃ አልበቃም» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ወሬውን ሰምተህ ቤቴ መጣህ። የመጣኸው ልትወቅሰኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። አንተ ግን ኮፍያህን በሁለት እጅህ ይዘህ፣ «አምበል፣ ይቅርታ። ሰው ሁሉ እያለ እኔን አምነህ አሳፈርኩህ» አልከኝ።

«ግድ የለም፤ ሞክረሃል» አልኩህ። እጄንም ትከሻህ ላይ አደረግሁ።

ዴልቪን፣ በሕይወቴ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ከዚያች መልስ የከፋ ግን አላውቅም። አላሳፈርከኝም። ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ እኔ የፈራሁትን ሰው እኔ የሰጠሁህን ሰፊ የራስ ቁር አድርገህ ፊት ለፊት ተቋቁመኸዋል። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ሆኜ ሳለ፣ የአንተን ተቀብዬ መረቅሁህና ሸኘሁህ። በዚያው ወር ወደ ሴንት ክሮይ ደሴት ለአናጢነት ሥራ ሄድክ።

ወደ ስብሰባው ልመለስ። ሲልበርት ያንን ካለ በኋላ፣ የጄርቫን ስም ወረቀቱ ላይ ተጽፎ አየሁት። አሥራ ሰባት ዓመት። ያኔ አፌ ተከፈተ። ጣቴ ተሰብሮ እንደማያውቅ ነገርኳቸው። ብሪጅታውን የሆነውን፣ ጨርቁን፣ ሁሉንም።

ሲልበርት መጀመሪያ ሳቀ። «ቀልድህን ነው አይደል?»

«አይደለም።»

«እኔ እኮ ያን ቀን ተሳፋሪ አውርጄ መጥቼ ነው ያየሁህ። በተሰበረ ጣት ሲጫወት አይቻለሁ ብዬ ለልጆቼ ሁሉ አውርቻለሁ።»

«እንግዲህ ይህንንም ንገራቸው» አልኩት። ተነሥቶ መስኮቱ ጋ ሄደና ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። እስከ ዛሬ ሰላም አላለኝም።

መምህር ቴዎፊለስ መነጽራቸውን ጠረጉ። «የአንተን ሰምተናል፤ በኋላ እንነጋገርበታለን። ልጁስ? ይግባ ወይስ ይቅር?»

እውነት ለመናገር፣ «ይቅር» ልል ነበር። አንተን ያገኘህ እንዳያገኘው። ግን ይህም ሌላ ፍርሃት መስሎ ታየኝ። ልጁን ሁልጊዜ ከደካማ ጋር ብናጫውተው፣ አንድ ቀን ያለ ምንም ዝግጅት ጠንካራው ፊት መቆሙ አይቀርም። «እኔ ዴልቪንን የበደልኩት ከጠንካራ ጋር በማጋጠሜ ብቻ አይደለም» አልኳቸው። «ሳላዘጋጀው፣ በእኔ ቦታ፣ ለእኔ ስል ስላስገባሁት ነው። ይህን ልጅ ለምን እንደምናስገባው እርስ በርሳችን እንጠያየቅ። መልሳችን ስለ ልጁ ካልሆነ ይቅር። ደግሞ ልጁንም ጥሩትና ጠይቁት፤ እኔ ዴልቪንን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።»

ጄርቫን ተጠራ። መምህር «ትፈራለህ?» አሉት።

«አዎ» አለ፤ አላፈረም። «ግን መግባት እፈልጋለሁ።»

በልኩ የራስ ቁር ተገዛለት። ሦስት ሳምንት ፈጣን ኳስ ተለማመደ። መጀመሪያ ሳይሆን ስድስተኛ እንዲገባ ተወሰነ፤ ከፊቱም ትልልቆቹ እንዲቆሙ። እኔ በዚያው ዕለት ከመራጭነት ለቀቅሁ።

ጨዋታው ባለፈው ቅዳሜና እሁድ ነበር። ተሸነፍን፤ ክፉኛ ተሸነፍን። ጄርቫን በመጀመሪያው ዙር ስድስት፣ በሁለተኛው ሃያ ሰባት አስቆጠረ። አንድ ጊዜ ሸሸ፤ ሁሉም አየው። ከሜዳው ማዶ አብሮት የሚጫወተው የእኛ ትልቅ መቺ ወደሱ ሄዶ የሆነ ነገር በጆሮው ነገረውና ሁለቱም ሳቁ። ቀጣዩን ኳስ ቆሞ ተቀበለው። ከዛፉ ሥር ሆኜ ሳይ እንባዬ መጣ። አንተ ያን ቀን አጠገብህ እንደዚያ የሚስቅ ሰው አልነበረህም።

ትናንት ከጨዋታው በኋላ እማማ ፊሎ ዘንድ ሄድኩ። እጃቸውን ዘይት ቀብተው አረንጓዴ ሙዝ ይልጡ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ፣ ሙዙን መላጥም ሳያቆሙ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ «ሾርባውን ግን እንዴት ዋጥከው?» አሉ። ሌላ ሙዝ አነሡና ቀጠሉ።

«ዓይኑ እስከ ዛሬ ሚስማር ሲመታ አንዱን ሁለት አድርጎ ያሳየዋል። ይህን ታውቃለህ?»

«ያኔ ጠርጥሬ ነበር።»

«ጠርጥረህ ነበር» አሉና አንድ ሙዝ ልጠው ጨረሱ። «አድራሻውን እሰጥሃለሁ። ምሳ ግን አልሰጥህም።»

ወደ ሴንት ክሮይ መጥቼ ፊት ለፊት ልንገረው ብዬ ስጠይቃቸው፣ ቢላዋውን አስቀመጡ። «እሱ ና ሳይልህ እንዳትሄድ። አንተ እንዲቀልልህ ብለህ ልጄ ደጃፍ ላይ እንዳትቆም። አሁንስ ከሱ የወሰድከው ይበቃሃል።»

ልክ ናቸው። ስለዚህ አልመጣም። ና ካልከኝ እመጣለሁ፤ ዝም ካልክ ዝምታህን እንደ መልስ ቆጥሬ ሁለተኛ አልጽፍልህም። ይቅር በለኝም አልልህም፤ ያን መጠየቅ ራሱ ሌላ ነገር ከአንተ መውሰድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ማድረግ እችላለሁ፤ የሆነውን ሁሉ ለኮሚቴው ጽፌ ፈርሜበታለሁ፣ መዝገቡም ተስተካክሏል። ከአንተ ስም ፊት ለፊት አሁን እንዲህ ይላል፦ «በአምበሉ ፈንታ ገብቶ ተጎዳ፤ አምበሉ ጤነኛ ነበር።»

ሄንስሊ ኦገስት