አማቴ ዋስ ሊሆኑ ነው

ሰኞ፣ ጁን 3
ዝናብ። የቢሮው ጣሪያ እንደገና አፈሰሰ። የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ቶሪቢዮ ባልዲ ከሥሩ አስቀመጡና የእንግሊዝኛውን የብድር ውል ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉት።
"ሜልባ፣ እስቲ ይህን በአገራችን ቋንቋ በታጋሎግ ጻፊልን። ሰዉ የሚፈርመው ሳይገባው ነው።"
እኔ? ደስ አለኝ እንጂ! የተማርኩት ለመቼ ነው?

ረቡዕ፣ ጁን 5
ጨረስኩት። እንዴት እንደሚያምር... እንደ ቅዳሴ ይንቆረቆራል። ገበያ ወርጄ ለአማቴ ለእማማ ሳሊንግ አነበብኩላቸው። እሳቸው ደረቅ ዓሣቸውን ይደረድራሉ፣ እኔ አነባለሁ።
"ይሄ ደግሞ የምን አገር ቋንቋ ነው?"
"ታጋሎግ ነዋ፣ እማማ!"
"የማን ታጋሎግ? የሙታን?"
ዓሣ ሻጮቹ በሳቅ ፈረሱ። "ወለድ" የሚለው ጋ ስደርስ አንዷ "ብር ከወለደ አባትየው ማነው?" ብላ ጨረሰችኝ።
ተናድጄ ተመለስኩ። ግን... እነዚህ ሴቶች አንድ ቃል ሳይገባቸው ስንት ዓመት "እሺ" እያሉ ኖሩ?

ሐሙስ፣ ጁን 6
የትናንቱን ቀድጄ ጣልኩት። እንደ ገበያ ሰው ጻፍኩ። "ዋስ ማለት፦ እሱ ካልከፈለ አንቺ ትከፍያለሽ።" በቃ።
ገበያ ወርጄ ይህቺን ሳነብ የእማማ ዓሣ ከእጃቸው ወደቀ።
"እኔ ነኝ የምከፍለው? ኔስቶር የጸባይ ምስክር ነው ብሎኝ!"
ኔስቶር የእህታቸው ልጅ ነው። ለጀልባው ሞተር ከእኛው ማኅበር ሊበደር፣ እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ሊፈርሙለት! ያ ከሚስቱ ይልቅ ተዋጊ አውራ ዶሮውን የሚስም ኔስቶር! አማቴ ያለቻቸው ያቺ የዓሣ መደብር ብቻ ናት።
"ይቅርብዎት፣ እማማ።"
"ቃሌን ሰጥቻለሁ" አሉ። የወደቀውን ዓሣ አንስተው አራገፉና መደርደራቸውን ቀጠሉ። ነገር ሲያስቡ አውቃቸዋለሁ።

አርብ፣ ጁን 7
ጋሽ ቶሪቢዮ ሰፈርተኛውን ቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ሰበሰቡ። አዲሱን ውል በማይክ አነበብኩ። ሰዉ ሳቀ... በእኔ ሳይሆን በቀልዶቼ። ዋስ የሚለው ጋ ስደርስ እማማ ተነሱ።
"ኔስቶር፣ አለህ?"
"አለሁ፣ አክስቴ።"
"ሰማህ አይደል? ምስክር አይደለሁም አሉ፣ ከፋይ ነኝ!"
"እኔም አሁን ገና መስማቴ ነው፣ አክስቴ... ማርያምን!"
ፊቱ ቀልቷል። እውነቱን ይመስለኛል። እሱስ እንግሊዝኛውን የት ያውቀውና?
"እሺ፣ እፈርምልሃለሁ። ግን እኔም መያዣ እፈልጋለሁ። አውራ ዶሮህን አምጣ።"
"ኧረ አክስቴ! ሌላ ነገር ይጠይቁኝ!"
"ሚስትህን ልውሰድ?"
አሰበ እኮ! ቆሞ አሰበ! ሚስቱ ጃንጥላዋን ስታነሳ ነው የነቃው።

ቅዳሜ፣ ጁን 8
አውራ ዶሮው በመያዣነት ጓሯችን ገባ። እማማ እያንዳንዱን መስመር ጠይቀውኝ ፈረሙ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 13
ኔስቶር የመጀመሪያውን ክፍያ ከፈለ። ቀኑ ሳይደርስ! ከዚያ ጓሯችን ቁጭ ብሎ ዶሮውን እያሻሸ "ከሳህብኝ" ሲለው ሰማሁ። ከሳ? ከቤታችን ሰው ሁሉ አብልጦ የሚበላው ዶሮው ነው።

ሰኞ፣ ጁላይ 22
ዛሬ፣ እማማ ማታ እንደነገሩኝ፣ ገበያው ውስጥ ክራባት ያሰረ ልጅ የኢንሹራንስ ወረቀት ይዞ መጣ። ያው በእንግሊዝኛ። ድሮ ቢሆን እማማ ፈገግ ይሉና ይፈርሙ ነበር።
"ተቀመጥ" አሉት፣ የዓሣ ሳጥን ላይ። "አሁን በእኛ አፍ ንገረኝ።"
ልጁ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። አላበው።
"እውነቱን ልንገርዎት፣ እማማ... ለእኔም በደንብ አልገባኝም።"
ሴቶቹ ሊያሽካኩ ሲሉ እማማ ገሠጿቸው። "ምን ያስቃል? እኛስ መቼ ገባን?" ደረቅ ዓሣ ጠቅልለው ሰጡትና ወደ እኔ ላኩት። "ልጄ ታስረዳሃለች።"
ቢሮ መጣ። ቁጭ ብለን መስመር በመስመር ወደ እኛ አፍ መለስነው። እኔንም አንድ ሁለት ቦታ አስቸገረኝ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ፣
"እናትሽ ግን ኃይለኛ ናቸው" አለኝ።
አላረምኩትም።