እንዳትተኛ ያልኳት መኪና

ጥር 6፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሠላሳ ካርቶን ሴራሚክ ጭነን ወጣን። ደንበኛው ቤት የሚጨርስ መምህር ነው። ቀለም ሦስቴ አቀያይሮኝ በመጨረሻ መጀመሪያ ያሳየሁትን ወሰደ። ሁሌም እንደዚያው ነው።

ስንመለስ ስልኬ ጠራ። መሪው በግራ እጄ፣ ስልኩ በቀኝ። ማን እንደሆነ ለማየት ዓይኔን ዝቅ አደረግኩ... ቀና ስል የእግረኛ ማቋረጫው ላይ አንድ ሽማግሌ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት። አንድ ስንዝር ሲቀር ቆመች። ሽማግሌው አልሮጡም። እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው በመስታወቱ አዩኝ።

«እኔ ደህና ነኝ። አንቺ ስልክሽን አንሺ» አሉኝና ሄዱ።

የደወለው የቀለም ብሩሽ አከፋፋዩ ነበር። ብሩሽ!

ጫኝ አውራጄ ራዲዮ አጠገቤ ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የግንባታ ዕቃ ሱቄ ሲጭንና ሲያወርድ አፉ ተዘግቶ አይቼ አላውቅም፤ ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው። ዛሬ እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም። ከሽማግሌው ይልቅ ያስፈራኝ የሱ ዝምታ ነው።

ጥር 7

ትናንት ዋናውን ሳልጽፍ ተኛሁ። ለብሩሽ ነጋዴ ብዬ ሰው ልገድል ነበር? አይደለም። ልጄ መስላኝ ነው። ስልክ በጠራ ቁጥር ልጄ ትመስለኛለች።

አምና ሁለተኛው ፅንሷ የወረደ ዕለት ቦርሳዬ የኋላ ወንበር ላይ ነበር። ስልኩ ቦርሳው ውስጥ። ሞተሩ ይጮኻል፣ መንገዱ ኮረኮንች... ስቆም አሥራ አንድ ያልተነሳ ጥሪ። አምቡላንስም ጠርታ ነበር፤ ሰፈሩ ጠፍቶት ሲዞር ቆየ። ሆስፒታል ስደርስ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ «የት ነበርሽ?» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። እዚህ ድረስ ደርሳ አታውቅም። ሐኪሟ ሳይሸፋፍን ነው የነገራት፤ «ደም ካየሽ በስልሳ ደቂቃ ውስጥ እዚህ ድረሺ። ከዚያ ወዲያ ለልጁም ላንቺም ቃል አልገባም።» ባሏ ቀያሽ ነው፤ የመንገድ ሥራ ላይ፣ ሩቅ። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። እኔ ጋ ሁኚ አልኳት።

«እማ፣ አንቺ ቤት ከሆንኩ በቀን መቶ ጊዜ ሆዴን ታዪዋለሽ። በድንጋጤ እወልዳለሁ።»

እውነቷን ነው።

ስልኩን ካልያዝኩ አልሰማትም። ከያዝኩ ሰው እገጫለሁ። ሦስተኛ መንገድ አይጠፋም... መቼ ጠፍቶኝ ያውቃል?

ጥር 9፣ አርብ

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ሄድኩ። አሮጊቷ ፒካፔ ገና ካሴት በሚጎርሰው ቴፕ ናት።

«እናቴ፣ ይሄ ቴፕ ሙዚየም ነው መግባት ያለበት።»

«አንተ ብሉቱዙን ግጠምልኝ፤ ሙዚየሙ አይሸሽም።»

ነቅሎ ሲያወጣው ሽቦው ተከትሎ እንደ ዶሮ አንጀት ተዘረገፈ። የድሮው ባለቤት ያልነካካው የለም፤ አንዱን በፕላስተር ጠቅልሎ፣ አንዱን እንዲሁ ቋጥሮ። ኤሌክትሪሺያኑ እየተሳደበ አስተካከለ። አዲስ ቴፕ፣ ሁለት የበር ስፒከር፣ ባቄላ የምታክል ማይክ። ስልክ ሲጠራ ዘፈኑ ይቋረጣል፣ የደዋዩ ድምፅ በስፒከሩ ይወጣል፣ እኔ እጄን ከመሪው ሳላነሳ አወራለሁ። ይሄው ነው።

ቀዩን ሽቦ ይዞ ቆም አለ። «ከቁልፉ ጋር ላገናኘው? ቁልፉን ሲነቅሉ አብሮ ይጠፋል።»

«አይጥፋ።»

«በቀጥታ ከባትሪው ከሆነ በእጅዎ እስካላጠፉት ቀንም ሌሊትም እንደበራ ነው። ባትሪ ይበላብዎታል።»

«ይብላ! ግብዣው በኔ ነው። እንዳትተኛብኝ ነው የምፈልገው።»

ትከሻውን ሰበቀ። «ባለ መኪናዋ እርስዎ ነዎት።»

ጥር 11፣ እሁድ

ከልጄ ጋር ሞከርነው። ደወለች።

«እማ፣ ጉድጓድ ገብተሽ ነው የምታወሪው?»

ማይኳን ከመሪው ሥር አንስቼ ከፊት ለፊቴ፣ ከፀሐይ መከለያው ጋር ለጠፍኳት።

«አሁንስ?»

«አሁን ወጣሽ።»

ሳቅን። ድምፅዋ ከግራም ከቀኝም ይመጣል፣ መሐል ያስቀመጠችኝ ያህል። ሁለት እጄ መሪው ላይ ነው።

ራዲዮ በመስኮት አንገቱን አስግጎ «ዘፈንስ አለው፣ እትዬ?» አለ። ጣቢያ አፈላለጉን አሳየሁት። ጥፋት ሳልሠራ አልቀረሁም።

ጥር 14፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን እንደ ሰው ነዳሁ። መኪናዋ እንደወትሮው ሱቁ በር ላይ ትቆማለች፤ ራዲዮ ሲጭን ዘፈን ይከፍታል፣ አብሮ ያንጎራጉራል፣ ሰፈሩ ይስቃል።

ከሰዓት አንድ ደንበኛ ደውሎ ነበር። ሱቅ ውስጥ ነኝ። አነሳሁት። ሄሎ። ዝም። ሄሎ! ዝም። ኔትወርክ ነው።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

ብሩሽ አከፋፋዩ በአካል መጣ። ተቀይሟል።

«ምነው፣ ስልክ አንስተሽ ዘፋኝ ታሰሚኛለሽ?»

«የምን ዘፋኝ?»

«ወንድ ነው። ድምፁ ደግሞ የተቀደደ ከበሮ።»

ሳቅሁ። ሲወጣ ግን ሳቁ ጠፋ። መስመሬ ላይ ማን ነው የገባው? ስልኩን ጠጋኙ ጋ ይዤ ሮጥኩ። ደወለበት፣ አዳመጠ፣ ከፍቶ አየ። «ከኔ የበለጠ ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

እሱ ጋ ይሠራል። ቤት ይሠራል። እየነዳሁም ይሠራል። ሱቅ ስሆን ብቻ ነው ድዳ የሚሆነው። ልጄ በዚያች ደቂቃ ብትደውልስ? ስንት ሰዓት እንዳሰብኩት አላውቅም። በመጨረሻ ገባኝ፤ ጠረጴዛዬ የተቀመጠው ጓዳ አጠገብ፣ እስከ ጣሪያ በተከመረ ሴራሚክ መሐል ነው። ኔትወርኩን የሚያፍነው እሱ ነው። ከራዲዮ ጋር ተሸክመን ጠረጴዛውን በሩ አጠገብ፣ ከመስታወቱ ሥር አደረግነው። ከመኪናዋ አምስት እርምጃ አይሞላም።

አሁን ልተኛ።

ጥር 22፣ ሐሙስ

ልጄ ሆስፒታል ናት። የሁለቱም ልብ ይመታል። የቀረውን ነገ።

ጥር 23፣ አርብ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲደጋገም ይውላል።

ትናንት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ጠራ። ልጄ። አነሳሁት። ዝም። «ልጄ?» ዝም። ስልኩ ላይ ሰከንዱ ይቆጥራል... ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። መስመሩ አለ፣ ሰው የለም። ኔትወርክ ብዬ ዘጋሁት። እኔው፣ በገዛ ጣቴ!

ወዲያው መልሳ ደወለች። አነሳሁ። ዝም። ስልኩን አራገፍኩት፣ መታሁት፣ ወደ ጆሮዬ ጨመቅኩት። ልጄ አጠገቤ ሆና አፏን የያዟት መሰለኝ።

ውጭ አንድ ካርቶን ሲሰበር ሰማሁ። በመስታወቱ አየሁት፤ ራዲዮ ሴራሚኩን መሬት ላይ ጥሎ ግማሽ ገላውን ጋቢና ውስጥ ከቷል። ልቆጣ አፌን ስከፍት ጮኸ።

«እትዬ! ልጅቷ ናት! እዚህ ውስጥ ናት!»

ስልኩን እንደጨበጥኩ አምስቱን እርምጃ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። የልጄ ድምፅ ከመኪናዋ በር ውስጥ ይወጣል፤ «እማ... ለምን ዘጋሽብኝ... ደም ነው እማ...»

ራዲዮ በማይኳ በኩል እያናገራት ነው። «አልዘጋችብሽም፣ የኔ ልጅ። እኔ ነኝ፣ ራዲዮ። እናትሽ ይቻት፣ መጣች። በሩ ተቆልፏል? ክፍት ነው? ጎሽ። እንግዲያው አትነሺ፣ በግራ ጎንሽ ተኚ። አትዝጊው ስልኩን።»

ሞተር አስነሳሁ። ሱቁን አልዘጋሁም። ጀርባው ላይ ግማሽ ጭነት አለ፣ በየጉድጓዱ ይንኳኳል። መናገር አቃተኝ። እኔ! ከሻጭም ከገዢም ጋር አፌ ተይዞ የማያውቅ። ሁለት እጄ መሪው ላይ፣ ልጄ በሁለቱ በሮች ውስጥ፣ ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማል።

ራዲዮ ግን አላቋረጠም። «አንዴ እናትሽ የመታጠቢያ ገንዳ አሸክማኝ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ስደርስ ቤቱ ተሳስቷል። ባለቤቱ ግን አይቶ ወደደው፣ ገዛው!... ትሰሚኛለሽ?... የኔ ልጅ?»

ዝም።

ያቺን ዝምታ ዕድሜዬን ሙሉ አልረሳትም።

ከዚያ በቀጭኑ፣ «ውሸታም» አለች።

«ጎሽ! ስደቢኝ! ስደቢኝ እንጂ፣ ዝም አትበይ!»

እየሰደበችው ቤቷ ደረስን። ተሸክሞ ወደ መኪናዋ አመጣት፤ ወደ ሆስፒታል በረርን። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ፤ ከመጀመሪያው ደም አርባ አንድ ደቂቃ። «ደርሳችኋል» አለ። እንግዴ ልጁ መውጫው ላይ ተቀምጦባታል፤ ደሙ ለጊዜው ቆሟል፤ እስክትወልድ ከአልጋ አትወርድም፣ ከሆስፒታልም አትወጣም። ለጊዜው... ይህቺን ቃል አልወደድኳትም።

መተላለፊያው ላይ ራዲዮን እንዴት ሰማሃት አልኩት።

«ዘፈን ልቀይር ገባሁ። ሰሞኑን ዘፈኑ እየተቋረጠ ሰው ሄሎ፣ ሄሎ ይላል። አድማጮች የሚደውሉበት ፕሮግራም መስሎኝ እኔ ማንጎራጎሬን አልተውኩም እኮ፣ እትዬ። ድምፅዋን ሳውቀው ነው...»

ወደ ግድግዳው ዞሮ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

ጥር 26፣ ሰኞ

ኤሌክትሪሺያኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሰማኝ። ሳቅ አላለም፣ ደግ ነው።

«መኪናዋ እስካልተኛች ስልክዎን አትለቅም። በአሥር እርምጃ ውስጥ ካሉ ሱቅ ሆነው ቢያነሱትም ድምፁ ወደሷ ነው የሚሄደው።»

«ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለ ባትሪው ነግሬዎታለሁ። ይሄ ለኔም አልታየኝም። በጤናው እንዳትተኛ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅማ።»

ስንት ዓመት ዕቃ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ የሴራሚክ ስንጥቅ በጣቴ አንኳኩቼ አውቃለሁ። ፍርሃቴ ሲገበያይልኝ ግን ዝም ብዬ ቆሜ አየሁ። ቀዩን ሽቦ ከባትሪው ያስገጠመኝ ፍርሃቴ ነው። ጠረጴዛውን ያሸከመኝም እሱ።

ሽቦውን ከቁልፉ ጋር አገናኘው። ቁልፉን ነቀልኩ። የቴፑ መብራት ጠፋ። ሦስቴ ነቅዬ ሦስቴ አየሁት።

ልጄ ስልክ ላይ ደግሞ ከቁጥሬ ቀጥሎ የራዲዮን ቁጥር አስገባሁ። ቀጥሎ የጎረቤቷን። ከዚህ በፊት ለምን እኔ ብቻ ሆንኩ? ማን ብቻሽን ተሸከሚው አለኝ?

የካቲት 4

ሌላ ደም። ትንሽ። ቆመ።

የካቲት 11፣ ማክሰኞ

ወለደች። በቀዶ ጥገና። ሴት ናት። ክንዷ ከጣቴ ብዙም አይወፍርም። የመስታወት ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አስገቧት። ልጄ ደህና ናት። አማቼ መጥቶ ሣጥኑ ሥር ቆሟል፤ መሬት ሲለካ የኖረ ሰው ትንፋሽዋን ይለካል። እኔ ማየት አልቻልኩም። ሁለቴ አይቼ ወጣሁ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ጭነት አድርሰን ስንመለስ መኪናዋ ውስጥ ጠራ። የልጄ ስም ቴፑ ላይ በራ። በዚህ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ሐኪም የሚያይበት ሰዓት ነው።

ዳር ያዝኩ። ሞተሩን አላጠፋሁም። መጫን ያለብኝ አንዲት ቁልፍ ናት። ጣቴ አልሄደም። ሣጥኗ፣ ክንዷ... ጠራ፣ ጠራ።

«እትዬ፣ ላንሳው?»

ስልኬን ሌላ ሰው አንስቶልኝ አያውቅም። ባሌ እንኳ በሕይወት ሳለ አይነካውም ነበር።

«አንሳው» አልኩ።

«ራዲዮ ነኝ!»

«እማስ?»

«አጠገቤ ናት። ልታለቅስ ነው።»

«አላለቅስም!» አልኩ። ውሸቴን ነበር።

«እማ... ከሣጥኑ አወጧት። ጡት ይዛለች። ውሰዷት ብለውናል።» ከኋላዋ የሆነ ነገር ይሰማል፤ ከድመት ጩኸት ያነሰ፣ ቁጡ። በሁለቱም በር። ራዲዮ እንኳ ዝም አለ። «እማ? አትቸኩዪ እሺ? ቀስ ብለሽ ነይ።»

አትቸኩዪ ተብዬ አላውቅም። ከአምና ጀምሮ።

የሽማግሌው ማቋረጫ ጋ ስንደርስ መንገዱ ባዶ ነበር። ቢሆንም ቆምኩ። ከኋላ ጥሩምባ ነፉብኝ።

«ይንፉ» አለ ራዲዮ።

ሆስፒታሉ በር ላይ ቁልፉን ነቀልኩ። መብራቱ ጠፋ። ዛሬ ደግሜ አላየሁትም።