መኮሳተር ስላቃተው ግንባሬ

ለተከበራችሁ የመሥሪያ ቤታችን የሕክምና ፈቃድ ኮሚቴ አባላት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁ እንደምን ሰንብቷል? የእኔን ጤና እናንተ ከእኔ ይልቅ ስለምታውቁት፣ ስለ እሱ ማውራት ድፍረት ይሆንብኛል።

እኔ የማተሚያ ክፍሉ አራሚ ነኝ። ከማጅራቴ ተነሥቶ ዓይኔን የሚወጋ ራስ ምታት ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል። ሐኪሜ በየሦስት ወሩ ግንባሬና ማጅራቴ ላይ ቦቶክስ የሚባለውን፣ ሌላው ሰው የፊት መጨማደድን ለማጥፋት የሚወጋውን መርፌ መውጋት ከጀመረች ወዲህ ግን አንድ ጽሑፍ ጀምሬ እጨርሳለሁ። ቀጣዩን ዙር እንድትፈቅዱልኝ ፊታችሁ ቀረብኩ። ከለከላችሁኝ። ስለዚህ በታላቅ አክብሮት፦

፩. የተከበሩ ሰብሳቢያችን ትክ ብለው አይተውኝ፣ «የታመመ ሰው ከፊቱ ያስታውቃል፣ እርስዎ ግን ምንም አልሆኑም» አሉኝ። መርፌው የግንባሬን ጡንቻ ስላላላው መኮሳተር አልቻልኩም። እሳቸውን ላለማሳፈር ቅንድቤን ለመሰብሰብ ታገልኩ። ከውስጥ በጭንቀት እየነደድኩ ከውጭ ሙሽራ መስዬ ተቀመጥኩ። በሚያሽለኝ መድኃኒት ተሽሎኝ መቅረቤ የራሴ ጥፋት ነው።

፪. መርፌው ለውበት ነው ብላችሁ ስለ ወሰናችሁልኝ አመሰግናለሁ። ውሳኔውን ለባለቤቴ ስነግራት ፊቴን ለረጅም ጊዜ አጥንታ፣ ኧረ የኔ ጌታ፣ ለውበት ከሆነማ ሐኪሟን ክሰሳት አለችኝ።

፫. ሲያምዎት ይምጡና እንይዎት ብላችሁ መክራችሁኛል። ሲያመኝ የምገኘው መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ነው። ጉንጬ ከሸክላው ንጣፍ ጋር ተጣብቆ። ድምፅ ሁሉ ስለሚወጋኝ በሩ ተዘግቶ። እዚያ ተጋድሜ አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ማንም ካላየው፣ በእርግጥ ያመኛል? እኔ ብቻዬን ስጠራጠር የኖርኩትን እናንተ ሰባት ሆናችሁ ስላገዛችሁኝ ብቸኝነቴ ቀሎልኛል።

ጊዜያችሁን በመሻማቴ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ፊቴ ሊገልጸው ያልቻለውን ምስጋና በብዕር ለማቅረብ የተገደድኩት፣ በእናንተ ውሳኔ ጤነኛ የሆንኩት፣

የማተሚያ ክፍሉ አራሚ

ማስታወሻ፦ የምሥራች! የመርፌው ኃይል መልቀቅ ስለ ጀመረ ዛሬ ጠዋት የግራ ቅንድቤ ተንቀሳቀሰ። የያዝኩት ገጽ መሃል ላይም ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። በቅርቡ የምትወዱትን ዓይነት ፊት ይዤ እቀርባለሁ። የዚያን ዕለት የምትሰጡኝን ውሳኔ ማንበብ ስለማልችል፣ ከመካከላችሁ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው እንዲያነብልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጮክ ብሎ እንዳይሆን ግን አደራ።