ፈቃድ የማይጠይቁ ነርቮች

ወዳጋዎን፣ ያቫትማል
ኦክቶበር 21

ለምወድሽ ልጄ ለሙግዳ፣

ሕክምና ከምትማሪበት ከቢሽኬክ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ፈቃድ ሳይጠይቁ የሚሠሩት ነርቮች ምዕራፍ አልገባኝ አለ፤ አንቺ ሠላሳ ዓመት ነርስ ሆነሽ እንዴት ነው የያዝሽው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ረስቼሽ አይደለም። አባትሽ ታሞ ነበር። አሁን ቤቱ ገብቷል፣ የማሽላ ቂጣውንም በገዛ እጁ ቆርሶ ይበላል፤ ስለዚህ ሳትደነግጪ አንብቢው።

ዘንድሮ ጥጡ ከሰው ቁመት በልጦ ነበር። አባትሽ የተባይ መድኃኒቱን ወደ ላይ ሲረጭ ነፋሱ መልሶ ፊቱ ላይ ይበትንበታል፤ በጀርባው ያዘለው መርጫም ያፈስ ነበር። ሸሚዙ እንደራሰ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ጎረቤታችን ባስካር በባጃጅ አምጥቶት ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርስ ተረኛዋ እኔ ነበርኩ።

«እህቴ፣ ናምዴቭ ነው» አለኝ። «አትጩሂ፣ ብቻ ቶሎ ነይ።»

የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል። ለሃጩ፣ እንባውና ላቡ አንድ ላይ ይወርዳሉ፤ ደረቱ ውስጥ ውኃ የሚፈላ ይመስላል። የልብ ምቱ አርባ አራት ነበር። ልብሱን ቀደን ገላውን በሳሙና አጠብነው።

እንግዲህ ምዕራፍሽ ይኸውልሽ። ልብን፣ ሳንባን፣ አንጀትን ሳናዛቸው የሚያስተዳድሩ ሁለት ወገኖች አሉ። አንደኛው «ተነስ፣ ሩጥ» ይላል፤ ሁለተኛው «ተቀመጥ፣ ብላ፣ እረፍ» ይላል። የሁለተኛው መልእክተኛ አሴቲልኮሊን ነው። መልእክቱን ሲያደርስ ጠርጎ የሚያነሳው ኢንዛይም አለ። መርዙ የያዘው ይህንን ጠራጊ ነው። ጠራጊ ሲጠፋ መልእክተኛው እዚያው እየተከማቸ በሩን ያለማቋረጥ ይደበድባል፤ ሰውየው በገዛ ምራቁ ይሰጥማል፣ ልቡም እየዘገየች ትሄዳለች። ማርከሻው መድኃኒት አትሮፒን መልእክተኛውን አያባርረውም፤ በሩን ነው የሚዘጋበት።

መርፌውን ሳነሳ ወጣቷ ሐኪማችን ዶክተር ሩክሳር ክንዴን ያዘችኝ።

«ሲስተር ቫትሳላ፣ ባልዎ ናቸው። ሌላ ሰው ይውጋቸው።»

«እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ዶክተር» አልኳት።

እውነትም አልተንቀጠቀጠም። ግን አፌ ደርቆ፣ ጣቶቼ ቀዝቅዘው፣ ልቤ ደረቴን ሊሰብር ነበር። ያ የእኔ ደግሞ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ነው፤ የመጀመሪያው ወገን መልእክተኞች። አንድ አልጋ አጠገብ ሁለቱንም ወገን አየኋቸው፤ አንዱን በእሱ፣ ሌላውን በራሴ። በየአምስት ደቂቃው መጠኑን እጥፍ እያደረግን ሰጠነው። ደረቱ ጠርቶ ልቡ ሰማንያ ስትመታ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

በሁለተኛው ቀን አትሮፒኑ በዛበትና መቀባዠር ጀመረ። አንሶላውን እንደ ብርቱካን ይልጥና ከአልጋው አጠገብ ላለው ባዶ ወንበር ያቀብላል። «ሙግዳ፣ ፍሬውን አውጥቼልሻለሁ፣ ብይ እንጂ» ይላል። ቆይቶ ደግሞ፣ «እዚያ በረዶ ነው አሉ፤ ምነው ሹራብ ሳትይዢ ወጣሽ?»

እሱ ያጨልሽን ሰው ትተሽ ከሄድሽ ወዲህ፣ አራት ዓመት ሙሉ ስምሽ ከአፉ ሲወጣ አልሰማሁም ነበር።

በስድስተኛው ቀን መድኃኒቱን አቆምን። ነቅቶ ሲያየኝ፣ «ምን ቀባጠርኩ?» አለኝ።

«ብርቱካን ስትልጥ ነበር።»

«ለማን?»

ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ጉንጩ ረጥቧል። ደነገጥኩ፤ መርዙ ተመልሶ ሊነሳበት ይችላልና። ባትሪ አብርቼ ዓይኑን አየሁት፤ ብሌኑ ደህና ነው። የልብ ምቱ ሰባ ስድስት፣ ደረቱም ንጹሕ።

ዶክተር ሩክሳር በር ላይ ቆማ፣ «ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«ምንም፤ ይኼ እንባ የራሱ ነው» አልኳት።

«ደህና ነው ብቻ በያት» አለኝ እሱም። «ሌላውን አትጻፊላት።» እሺ አልኩት። ሌላውንም ጻፍኩልሽ።

ነይ አላልኩሽም፣ ልጄ። ፈተናሽ ቀርቧል፤ በደንብ አጥኚ። አባትሽ እግሩ ገና ስላልጠና በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ድሮ ቤት ውስጥ ጥሎት ይሄድ የነበረውን ስልክ አሁን ጭኑ ላይ ነው የሚያኖረው፤ ቁጥሩ ያው ነው። እንደጮኸ ያነሳዋል። እስካሁን የደወሉት የጥጥ ነጋዴዎች ብቻ ናቸው።

ያሳደገችሽ ምድር በሄድሽበት ሁሉ ትከተልሽ። ብርዱ አይንካሽ፤ የምታክሚው ሁሉ በእጅሽ ይዳን።

እናትሽ
ቫትሳላ