ለቡቺ የጋገርኩት ብስኩት

ቀበና፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 1971 ዓ.ም.

ማዳም ዛሬ ለውሻዋ ለቡቺ የበዓል ብስኩት እንድጋግር አዘዘችኝ። «አበሻ ውሻ ነው፤ በእናንተ ገና ይብላ» ብላ ሳቀች። ዱቄቱን በጉበት መረቅ አቡክቼ በአጥንት ቅርጽ ቆረጥኩት። ከዚያ ጨው በቃው ወይ ብዬ እንደ ልማዴ ጣቴን ላስኩ። ጾም መሆኑ ትዝ ያለኝ ከዋጥኩት በኋላ ነው።

በነገው ቅዳሴ ልቆርብ ነበር፤ ባሌ ከሞተ ወዲህ የመጀመሪያዬ። ጾሙን ሙሉ ለዚህ ስጠብቅ ከረምኩ።

እህቴ አስካለ ልትወስደኝ ስትመጣ ነገርኳት።

«ውሻው እንኳ እስከ ነገ ይጠብቃል፤ አንቺ ቀደምሽው?» አለች። ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በጣት ጫፍ ጾም አይፈርስም። ለአባ እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ የካ ሚካኤል መግባት አለብን። አስካለ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች። ለአባ ብነግራቸው አያቆርቡኝም። ዝም ብል ማንም አያውቅም።

እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ይህን ስጽፍ ቡቺ አጠገቤ ተቀምጦ ያችኑ ጣቴን ይልሳል።