በየስንት ደቂቃው ይታደስ

ሰኞ፣ ጥቅ. 7፤ ጠዋት 3 ሰ.

ኮምፒዩተሩ ተከፍቷል። ስድስቱም የውሃ ፓምፖች አረንጓዴ። መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙን የተከለልን የውጭ ባለሙያ ወፍራም መጽሐፍ ትቶ ሄዷል። እንግሊዝኛ ታነባለች ተብሎ ማስተካከሉ ለእኔ ተሰጠ። ቀለም፣ የፊደል መጠን፣ ድምፅ ይኑር አይኑር፣ ስክሪኑ በየስንት ጊዜ ይታደስ። ከፊደሉ እጀምራለሁ። የመ/ቤቱ ግማሽ መነጽር የለውም።

ደብተሬ፣ ሌላም አለ። ወንድሜ ዮናስ ተሰውቷል። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሓወቦይ (የአባቴ ወንድም) ለብቻዬ ወደ አጥሩ ወስዶ ነገረኝ። ለትግል ሜዳ ሲወጣ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር። ነጻነት መጥቶ ሦስት ዓመት በር በሩን ስናይ ኖርን። እሱ ለካ ከዚያ በፊት ነው የሞተው። አብሮት የነበረ ታጋይ ምስክርነት ሰጥቷል።

አላለቀስኩም። ፊደሉን አሳደግሁት። አሁን ከበሩ ላይ ይነበባል።

ማክሰ.፣ ጥቅ. 8፤ ምሳ ሰዓት

እናቴ አታውቅም። እንዳታውቅ ተወስኗል። ዓርብ ዕለት የቀኝ ዓይኗን ሞራ አንሥተውላታል፤ ግራው ከድሮም አያይም። ቀኙ በፋሻ ተሸፍኗል። ሐኪሙ፦ ማጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ እኔ እስክፈቅድ ድረስ ማልቀስ ጨርሶ የለም። ካለቀሰች ዓይኑ ይበላሻል።

ስንት ዓመት ስትፈራው የኖረችውን ኦፕራሲዮን እሺ ያለችው ለምን መሰለህ? ዮናስ ሲመጣ ፊቱን በእጄ ዳብሼ ነው ወይ የማውቀው ብላ።

ሓወቦይ ነገሩን ጨርሶታል። ዓይኗ ሲድን ሽማግሌዎች ይዞ በማለዳ ይመጣል፤ መርዶ እንደ ወጉ ይነገራታል። እስከዚያ አፍሽን ያዢ አለኝ። እወ አልኩት።

ኀሙስ፣ ጥቅ. 10፤ ከቀኑ 9 ሰ.

ኣቦይ ተስፋይ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጣሉ። ከጣሊያን ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በየሰዓቱ የግፊት መለኪያውን እያነበቡ መዝገብ ላይ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ስክሪኑ በየአምስት ሰከንዱ ይታደሳል። 42 አይተው ለመጻፍ ያጎነብሳሉ፤ ቀና ሲሉ 43። ይኼ ቃሉን የሚያጥፍ ምስክር ነው አሉ። እንደ መዝገቡ በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ይናገር። ጩኸቱም ይቅር፤ ሻሂያቸውን አስደፍቷቸዋል።

ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለማስረዳት ግን አፌ ከበደኝ። 60 ደቂቃ ብዬ ሞላሁ፤ ድምፁን አጠፋሁ። የቐንየለይ ጓለይ (አመሰግናለሁ ልጄ) ብለው መረቁኝ። ስክሪኑ ዝም አለ። ሳየው ደስ አለኝ ልበል? ብቻ አልረበሸኝም።

ሰኞ፣ ጥቅ. 14፤ ከምሳ በኋላ

ገጀረት ሰፈር ሄጄ ከእናቴ ጋር በልቼ ተመለስኩ። ለዮናስ ሸሚዝ ልታስገዛኝ ነው። አንገቱ ስንት ይሆን ስትል አሰበች፤ ሜዳ ያከሳል፣ ግን አጥንቱ የአባቱ ነው። 41 ይበቃዋል አልኳት። እንዲህ፣ ሳልንተባተብ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ራሴን ታዘብኩት። እጄን ይዛ ስለ ቀለሙ ስትጠይቀኝ ነጭ አልኩ።

ወደ ፌርማታው ስወርድ ልቅሶ ይመጣ እንደሆን ቆሜ ጠበቅኩ። አውቶቡሱ መጣ።

ኀሙስ፣ ጥቅ. 17፤ ከቀኑ 10 ሰ.

ጉድ ሆነ። አራት ቁጥር ፓምፕ 4 ሰዓት አልፎ ወዲያው ቆመ። ስክሪኑ ላይ እስከ 5 ሰዓት አረንጓዴ። የማይ ተመናይ ሰፈር ውሃ አጣ፤ ሴቶች ጀሪካን ይዘው በር ላይ መጡ። እኛ ውስጥ ቁጭ ብለን ሁሉ ደህና ነው እንላለን።

ሓላፊው መጥቶ ይህን ያደረገ ማን ነው ብሎ ጮኸ። ኣቦይ ተስፋይ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እኔ ነኝ አልኩ። እውነትም እኔ ነኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ድሮ ቢሆን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እል ነበር። ዛሬ ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ይኸ አለመደንገጤ ግን ትንሽ አስፈራኝ።

አሁን በየአሥር ሰከንዱ ይታደሳል። ቀይ ሲሆን ይጮኻል፣ ሰው እስኪያጠፋው። ለኣቦይ ተስፋይ በየሰዓቱ በራሱ እንዲያትም አደረግሁላቸው፤ ወረቀቱን መዝገባቸው ላይ ይለጥፋሉ። ምን ሆነሽ ነው፣ አንቺ እንዲህ አትሳሳቺም አሉኝ። ምንም አልኩ። አላመኑኝም፤ ሻሂ አመጡልኝ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 28፤ ከቀኑ 8 ሰ.

ከሥራ አስፈቅጄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ፋሻው ተነሣ። መጀመሪያ የሐኪሙን ጣት ቆጠረች፣ ከዚያ እኔን አየች። ዓይኑ ድኗል። ማልቀስ ግን ገና ሁለት ሳምንት ክልክል ነው።

በታክሲው ውስጥ ስንት ዓመት ያላየችውን ከተማ ታያለች ብዬ መስኮቱን ለቀቅኩላት። እሷ እኔን ብቻ ታያለች።

ቤት ገብተን ተቀመጪ አለችኝ። ካወቅሽ ስንት ቀንሽ ነው? ምን አላለችም፤ ስንት ቀን ነው ያለችው። ሓወቦይን አሰብኩ፣ ሐኪሙን አሰብኩ። ሃያ ሁለት አልኳት።

ድምፅሽ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከፍ ዝቅ አላለም አለች። ተጠራጥሬ ነበር፤ ፊትሽን ሳይ አረጋገጥኩ።

የት እንደወደቀ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ዓይኗ ደረቅ ነው። ከዚያ ትእዛዝ ሰጠች። ለሓወቦይ እንዳትነግሪው። ሽማግሌዎቹን ይዞ ይምጣ፤ እንዳልሰማ ሆኜ እቀበላቸዋለሁ፤ ያን ቀን እንደ እናት አለቅሳለሁ።

«እስከዚያ እኔ ተከልክያለሁ፣ ጓለይ። አንቺ አልቅሺልኝ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ፣ አንተ ላይ ለመጻፍ፣ ደብተሬ። እየጠራችኝ ነው። በሩን ዘግቼ ከጎኗ ልቀመጥ ነው። ልቅሶ እንዴት እንደሚጀመር ግን…